የሰማያዊው ሳህን

ከቡዜ ዐይን መጀመሪያ የሄደው ሰማያዊ ነው።

ቡዜ በአዳማ ገበያ ዶቃ ትሸጥ ነበር። ባቡር ከጅቡቲ የሚያመጣውን የመስታወት ዶቃ ጠዋት ፀሐይ ላይ አፍስሳ፣ በየቀለሙ ለይታ፣ በየሳህኑ ታኖረዋለች። ሰማያዊው ለሙሽራ ነው፤ ጥቁሩ ለሐዘንተኛ። ባለፈው ጥር ለአንዲት ሙሽራ ድሪ ስትሠራ በሰማያዊው መካከል ጥቁር ሰክታ ሰጠች። የሙሽራይቱ አክስት ድሪውን መልሳ ቡዜ ጭን ላይ ጣለችው፤ «ልጃችንን ሳትዳር መበለት ልታደርጊያት ነው?»

ታናሽ ወንድሟ ገርባ አዲስ አበባ ወሰዳት። ገርባ ድሬዳዋ ካለው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ወጥቶ በአዳማ ባቡር ጣቢያ የፈረንሳዮቹ አስተርጓሚ ሆኗል። አንድ የውጭ አገር ሐኪም ዐይኗን ገልጦ ተመለከተና መሣሪያውን አስቀመጠ። የዐይኗ ሞራ ሊገፈፍ ይችል ነበር፤ ከበስተኋላ ያለው ጅማት ግን ደርቋል። ገርባ የሰማውን ተረጎመላት። ሌላ የሚያደርገው አልነበረም።

ሲመለሱ ባቡሩ ውስጥ ጠየቀችው።

«ቀዩን አሁንም አያለሁ። ሰማያዊው ምን በድዬው ነው ቀድሞ የሄደው?»

ምክንያቱን ማወቋ ሐዘኗን የሚያቀልላት መሰለው። ከቋጠሮዋ ሁለት ክር አወጣ፤ በአንዱ ትልልቅ ዶቃ፣ በሌላው ደቃቅ ተሰክቶበታል። በጣቶቿ መካከል አሳልፎ ሁለቱን በአንድ ፍጥነት ሳበ።

«የትኛው ቶሎ ቶሎ ይነካሻል?»

«ደቃቁ።»

«ሩጫቸው ግን አንድ ነው። ብርሃንም እንዲሁ ነው እትዬ፤ እንደ ዝዋይ ሐይቅ በሞገድ ይመጣል። በባዶ ጠፈር ቀለሙ ሁሉ እኩል ይሮጣል። የቀዩ ሞገድ እንደ ትልልቁ ዶቃ ረጅም ነው፤ ስለዚህ ድግግሞሹ፣ ቶሎ ቶሎ መምጣቱ፣ ያንሳል። የሰማያዊው እንደ ደቃቁ አጭር ነው፤ ድግግሞሹ ይበዛል። የየትኛውንም ርዝመት በድግግሞሹ ብታባዢው ያው አንዱ ፍጥነት ይመጣል። ሞራሽ አስቀድሞ የሚያግደው አጭሩን ነው።»

«ፈረንሳዮችህ በምን ለኩት? በክንድ ነው በስንዝር?»

ሳቀች። ከሐኪሙ ዘንድ ከወጡ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። ክሮቹን ተቀብላ እስከ ሞጆ ድረስ በጣቶቿ መካከል ስትስባቸው ቆየች። ገርባ የተጽናናች መሰለው።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሊጠይቃት ሲመጣ ሰዎች ከብበዋት አገኘ። ቡዜ ዐይኗን ጨፍና ዶቃ ትለያለች። እየዳሰሰች ደቃቁን ወደ ሰማያዊው ሳህን፣ ትልልቁን ወደ ቀዩ ትጥላለች። በሰማያዊው ሳህን ውስጥ ቢጫ፣ ጥቁር፣ ነጭና ቀይ ተደባልቋል።

«እስቲ ሰማያዊ ስጪኝ» አለ አንድ ጎረምሳ። እፍኝ ሙሉ ዘግና ሰጠችው። የቆመው ሁሉ ሳቀ።

«አላህ አፍህን ይዝጋው!» አለች ከጎኗ የምትሸጠው ዙለይካ። ወደ ገርባ ዞራ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ «ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ናት። እኔ አንጀቴ አልቻለም። አንተ ንገራት።»

ገርባ ከፊቷ ቁጢጥ አለ።

«እትዬ፣ ቀለሙ በዶቃው መጠን አይታወቅም።»

እጇ ቆመ። «አጭሩ ሰማያዊ ነው አላልከኝም?»

«አጭር ያልኩሽ የብርሃኑን ሞገድ ነው። ከፀጉር ውፍረት እጅግ ያንሳል፤ ጣት አይደርስበትም።»

«በጣቴ አስነክተኸኝ የለም እንዴ?»

«ያ ምሳሌ ነበር።»

በመዳፏ የቀረውን ዶቃ የት እንደምትጥለው አጥታ ያዘችው።

«እንግዲያ ቀዩስ?»

ሊዋሻት ፈለገ፤ አቃተው።

«ረጅሙ የሚሄደው በመጨረሻ ነው።»

«ይሄዳል ግን።»

«ይሄዳል።»

ሳህኖቹን አንድ በአንድ ወደ አቁማዳው ገለበጠች። ሰሌኑን ጠቀለለች። ክንዱን ፈልጋ ያዘች።

ዙለይካ በቡዜ ስፍራ እስከ ቀትር ሰው አላስቀመጠችም። ከቀትር በኋላ አንድ ጨው ሻጭ መጥቶ አሞሌውን ደረደረበት።