ከሰው ለመሸሽ የነዳነው መንገድ

ማርች 14 ቀን 1996፣ ሐሙስ፣ ለምሽቱ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ማርዶ ከተማ ገባን። ሰዓቱን የማልረሳው ወንድሜ ኔቪል የመኪናውን ሰዓት እያየ፣ «መጠጥ ቤቱ ገና አልተዘጋም። እኔን እዚያ አውርጂኝና አንቺ ሄደሽ ስብሰባቸውን ተሰብሰቢላቸው» ስላለኝ ነው።

«ዝም በል» አልኩት።

«ምኔ ነሽ አንቺ? ፖሊሴ ነሽ?»

«ቀባሪህ ነኝ። አርፈህ ተቀመጥ።»

ሐኪሙ ሳይሸፋፍን ነግሮት ነበር። ጉበቱ እያለቀ ነው፤ መጠጡን ካላቆመ የሚቀጥለውን የስንዴ አጨዳ አያይም። ኔቪል ከሐኪሙ ቤት ወጥቶ የሄደው በቀጥታ ወደ መጠጥ ቤት ነው።

መጠጥ ለማቆም የሚረዳዱ ሰዎች በእኛም ከተማ፣ በኩራባ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ይሰበሰቡ ነበር። ደውዬ ስጠይቅ ስልኩን ያነሳችው ሴት ይህን ስትነግረኝ ኔቪል አጠገቤ ቆሞ ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። ኩራባ ውስጥ የማን መኪና የት እንደቆመ ሁሉም ያውቃል። «ብሞት እዚያ አልገባም» አለ። ስለዚህ ማንም ወደማያውቀን ወደ ማርዶ መቶ ኪሎ ሜትር ነዳን።

ስብሰባው በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ነበር። የፕላስቲክ ወንበሮች ክብ ሠርተዋል። ጥግ ላይ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶን ማንቆርቆሪያ ውስጥ ውሃ ይሞላል። ዞር ሲል ሮስ ሃላም ሆኖ አገኘነው።

የሮስ እርሻና የእኛ እርሻ በአንድ አጥር ነው የሚለዩት። ከሦስት ዓመት በፊት ሰክሮ የኔቪልን ውሻ ጂፕን በጥይት መታው። «ቀበሮ መስሎኝ ነው» አለ፤ ይቅርታ ግን አልጠየቀም። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም።

«ከሰው ሁሉ አንተ!» አለ ሮስ። «እኔ እዚህ ድረስ የምነዳው ከኩራባ ሰው ልሽሽ ብዬ ነው።»

«እኔስ የመጣሁት ለሽርሽር መሰለህ?» አለ ኔቪል። ወደ እኔ ዞሮ፣ «ቤቭ፣ ተነሺ እንሂድ። ይሄ ሰካራም ባለበት አልቀመጥም።»

ሻይ የምትቀዳው አሮጊት ኤልማ ሳቀች። «የኔ ልጅ፣ ሰካራም የሌለበት ቦታ ከፈለግህ አዳራሽ ተሳስተሃል። ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። የመኪናውን ቁልፍ እኔ ስለያዝኩ ይመስለኛል። ያን ምሽት ለቤተሰብም ተፈቅዶ ስለነበር እኔም ከኋላው ተቀመጥኩ።

የሮስ ተራ ደረሰ። «ሮስ እባላለሁ። የመጠጥ ሱሰኛ ነኝ» አለ። ኔቪልን እያየ ቀጠለ። «የሰው ውሻ ገድያለሁ። ቀበሮ መስሎኝ ነው ስል ኖሬአለሁ። ቀበሮ አልመሰለኝም። የማን ውሻ እንደሆነ አውቄ ነው የተኮስኩት። ባለቤቱ ስለ አጥሩ ሰድቦኝ ነበር።»

ኔቪል ወንበሩን ገልብጦ ተነሳ። «አንተ አውሬ! አውቀህ ነው?»

«እዚህ ሰው ሲናገር መልስ አይሰጠውም» አለች ኤልማ። ድምጿ አሁን ሳቅ የለበትም። «ወይ ትቀመጣለህ፣ ወይ ትወጣለህ። ተራህ ሲደርስ ስለ ራስህ ብቻ ትናገራለህ።»

መኪናው ውስጥ እንደምንገባና የዚያ መጠጥ ቤት በር ላይ እንደምንቆም ታየኝ። ቁልፉን ጨበጥኩ። ኔቪል ግን ወንበሩን አነሳና ተቀመጠ።

ተራው ሲደርስ፣ «ኔቪል። ያ ውሻ...» ብሎ ጀመረ።

«ስለ ራስህ» አለች ኤልማ።

«ስለ ራሴ?» መሬት መሬቱን አየ። «ጂፕ ወዲያው አልሞተም። በር ድረስ ተጎትቶ መጥቶ ሲያለቅስ አደረ። ሰምቼዋለሁ። ሰክሬ ስለነበር መነሳት አቃተኝ። በቃ፣ ይኸው ነው።»

ይህን ለእኔም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ኤልማ ወደሚቀጥለው ሰው ዞረች። ደንቡ ነው።

ውጭ ስንወጣ ሮስ መኪናው ላይ ተደግፎ ሲጋራ ያጨሳል። «በሚቀጥለው ሐሙስ አትመጣም» አለ። «አውቅሃለሁ። ወኔ የለህም።»

«ፊት ለፊትህ ነው የምቀመጠው» አለ ኔቪል። «እንዲጎረብጥህ።»

«እናያለን።»

«እናያለን፣ ውሻ ገዳይ።»

በሚቀጥለው ሐሙስ ኔቪል ራሱ ነዳ። ከዚያ በኋላም ስብሰባውን አላቋረጠም። ከአንድ አጥር ግራና ቀኝ ተነስተው፣ በአንድ መንገድ፣ በሁለት መኪና፣ የኋለኛው የፊተኛውን አቧራ እየጠጣ ይሄዱ ነበር። በአንድ መኪና ሂዱ ብላቸው ሁለቱም ሰደቡኝ።

ኔቪል ከዘጠኝ አጨዳ በኋላ፣ አንድ ጠዋት የበጎቹ ማጎሪያ በር ላይ ወድቆ ሞተ። ሮስ ቀብሩ ላይ መጣ፤ ማንንም ሳይጨብጥ ሄደ። የገደለው ልቡ ነው አለ ሐኪሙ። ጉበቱ ደህና ነበር።