የማሽኗ ዕድሜ

ልጅቷ ክፉ አይደለችም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ ሰምታችሁ ስትጨርሱ «ምን ዓይነቷ ጉድ ናት!» እንዳትሉብኝ። ሰነፍም አይደለችም። ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ደርሳ፣ ስንቱ ገብቶ አናቱን ይዞ የወጣበትን ኢንተርሚዲዬት አካውንቲንግ የሚባል ትምህርት ጥርሷን ነክሳ የያዘች ልጅ ናት። ግን የአባቷን የስፌት ማሽን ከቤት ያስወጣችው እሷው ናት። እስከ ዛሬ ድረስ ይቆጫታል።

አባቷ ልብስ ሰፊ ነው። ቤታቸው መንገድ ዳር ያለች ሁለት ክፍል ናት፤ የፊተኛዋ ክፍል ቀን ቀን የስፌት ቤት፣ ማታ ማታ ሳሎን ትሆናለች። ማሽኗ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ሃያ ሁለት ዓመት ሰፍታለች። ልጅቷ በእሷ ድምፅ ተኝታ በእሷ ድምፅ ነቅታ ነው ያደገችው። እናቷ በሕይወት ሳለች «ይቺ ጣውንቴ» እያለች ትቀልድ ነበር። አባትየውም አይለቃትም፤ «አንቺ ትቆጪያለሽ፣ እሷ ግን ዘይቷን ካገኘች ቃል አይወጣትም» ይላት ነበር።

የኮሌጁን የሂሳብ መምህር ተማሪው ሁሉ ጋሽ ባላንስ ይላቸዋል። ግራና ቀኙ እኩል ያልሆነ ነገር ካዩ፣ የተማሪ ኮሌታም ቢሆን፣ ሳያስተካክሉ አያልፉም። ታዲያ አንድ ቀን ስለ ዲፕሪሲዬሽን አስተማሩ። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ነው። ማንኛውም የሥራ ዕቃ ያረጃል፤ የሂሳብ ሠራተኛው ዕቃው ስንት ዓመት እንደሚያገለግል ይገምትና እርጅናውን በየዓመቱ እየቀነሰ ይመዘግባል። የተገመተው ዓመት ሲያልቅ ዕቃውም መዝገቡ ላይ ያልቃል። ይህን አስተምረው ሲጨርሱ አሳይመንት ሰጡ።

«የምታውቁትን አንድ የሥራ መሣሪያ ምረጡ» አሉ። «ከመጽሐፍ እንዳትገለብጡብኝ! ሄዳችሁ እዩት፣ ባለቤቱን ጠይቁ። መቼ ገዛው? ምኑን ቀየረ? ገና ስንት ዓመት ያሠራዋል? ከዚያ በኋላ ነው መጻፍ።»

ልጅቷ በሆዷ ሳቀች። ሌላው ተማሪ መሣሪያ ፍለጋ ሲንከራተት የእሷው ማሽን እቤቷ ተቀምጣ ትጠብቃታለች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወረቀቷን ዘርግታ ከአባቷ አጠገብ፣ እጅ ቢዘረጋ በሚደርስበት ቦታ ተቀመጠች። አሥር ሰዓት ላይ ጓደኞቿን ልታገኝ ቀጠሮ ስለነበራት ጥድፊያ ላይ ናት። አባቷ የአንዲት ደንበኛ ቀሚስ ይዞ ፔዳሉን ይረግጣል፤ ማሽኗ ታንጎራጉራለች።

«ኧረ አባዬ፣ በናትህ አንዴ አቁማት! ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው።»

«ምን እየሠራሽ ነው የኔ እናት?»

«ስለ እሷው ነው የምጽፈው።»

አባቷ ሳቀ። እግሩን ከፔዳሉ አነሳ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አሳረፈና ጸጥ ብሎ ተቀመጠ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ጉሮሮውን ጠርጎ «የምትጠይቂኝ ነገር ካለ…» አለ።

«የለም የለም፣ ገብቶኛል» አለችው ቀና ሳትል።

ምን ገባትና! መጽሐፉ ላይ ያለው ምሳሌ ለማሽን አሥር ዓመት ይላል፤ አሥር ደግሞ ለማካፈል ይመቻል። ስለዚህ የአገልግሎት ዘመን አሥር ዓመት አለች። የተገዛችበትንም ጊዜ ከዚያው ጋር እንዲገጥም አድርጋ ከአሥር ዓመት በፊት ብላ ጻፈች። የቀረ ዕድሜ፦ ዜሮ። ሥራው ያማረ እንዲመስል «ባለቤቱ እንደገለጹት ዋና ዋና ክፍሎቿ ተበልተዋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ከራሷ ፈጥራ አከለችበት። ባለቤቱ አጠገቧ ቁጭ ብሏል፤ አንዲት ቃል አልገለጸም። አሥር ሰዓት ሳይሞላ ጨርሳ ወጣች።

ሃያ ከሃያ አገኘች። ጋሽ ባላንስ በቀይ እስክሪብቶ «ግሩም!» ብለው ጽፈውበታል። ልጅቷ እየበረረች እቤት ገባችና ወረቀቱን አባቷ ፊት ዘረጋችው። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ስለነበር አባቷ «እስቲ ስለኛዋ ምን ይላል?» አላት። እሷም ያንን የፈጠረችውን ሁሉ ዘልላ የመጨረሻዋን መስመር ብቻ ተረጎመችለት።

«የአገልግሎት ዘመኗ አብቅቷል። ከዚህ በኋላ ለሥራ አስተማማኝ አይደለችም።»

«የኛዋ?»

«አዎ።»

«አሁን እንኳ ደህና ነው የምትሰፋው።»

«ላይ ላዩን ነዋ አባዬ! በሳይንሱ ግን ዕድሜዋ አልቋል። አንድ ቀን ድንገት ቀጥ ትላለች።»

ይህን ከየት እንዳመጣችው እንጃላት። አባቷ ፊት የተማረች መምሰል ጣፍጧት ነው እንጂ ሳይንሱ እንደዚያ አላለም። አባቷ ማሽኗን አየት፣ ልጁን አየት አደረገ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ሃያ ከሃያ እኮ ነው የሰጡኝ!»

አባቷ ከዚያ በላይ አልተከራከረም። ወረቀቷን በላስቲክ ሸፍኖ፣ ደንበኞች ልብስ ሲለኩ ከሚያዩበት መስታወት ጎን ሰቀላት። የመጣው ሁሉ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ሲለው ደረቱን ነፍቶ «የልጄ ነው፤ የጥናት ሥራ ነው» ይላል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጅቷ ከኮሌጅ ስትመለስ መስኮቱ ሥር ባዶ ነው። ሲሚንቶው ላይ የአራት እግር ምልክት ብቻ ቀርቷል።

«ሸጥኳት» አለ አባቷ፣ ዓይኗን ሳያይ ክሮቹን ካርቶን ውስጥ እየከተተ። «ከገበያው ማዶ ላለችው ልብስ ሰፊ። ይኸው የዩኒፎርም ሥራ ሊመጣ ነው፤ የሰው ልብስ ተቆርጦ ሳለ ቀጥ ብትልብኝ በምን አፌ እመልሳለሁ? ሴትየዋንም አላታለልኳት፤ ልጄ አጥንታታለች፣ ዕድሜዋ አልቋል ብዬ ነግሬያታለሁ። እኔም ሌላ እስክገዛ ትልቁ ስፌት ቤት ገብቼ ቁልፍ እተክላለሁ። ምን ችግር አለው?»

ያን ጊዜ መናገር ነበረባት። እዚያው እንደቆመች «አባዬ፣ ዝም ብዬ ነው የጻፍኩት» ብትል ኖሮ፣ ሮጠው ሄደው መመለስ ይችሉ ነበር። ግን አፈረች። ወደ ውስጥ ገብታ ፊቷን ታጠበች፤ ቤቱም ዝም አለ። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ዝምታ እቤታቸው ሰምታ አታውቅም።

እንዲህ እንደሆነች አንድ ወር አለፈ። አባቷ ጠዋት ይወጣል፣ ማታ ጣቶቹ በመርፌ ተበሳስተው ይመለሳል። የራሱ ቤት አለቃ የነበረው ሰውዬ፣ ልጁ በሚሆን አለቃ «ፋዘር፣ ቶሎ በል እንጂ!» ይባላል። ይህንንም እየሳቀ ነው የሚያወራላት። እሷ ግን ራቷን ትታ ትነሳለች።

በሌላ ቀን ጋሽ ባላንስ ሰሌዳው ላይ ሁለት ቃል ጻፉ፤ ግምት፣ ስህተት። «ግምት ሊለወጥ ይችላል» አሉ። «ያኔ አስተካክላችሁ ወደፊት ትቀጥላላችሁ፤ ያለፈው አይነካም። ስህተት ግን ወደ ኋላ ተመልሳችሁ፣ ከተሠራበት ዓመት ጀምሮ ነው የምታርሙት።»

ልጅቷ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ሰውየው ሳያይ፣ ሳይጠይቅ የገመተ ከሆነስ?»

«ሊጠይቅ ይችል ነበር?»

«አዎ።»

«እንግዲያማ ምኑን ገመተው! መረጃው እጁ ላይ እያለ ካልተጠቀመበት ስህተት ነው» አሉና ወደ ሰሌዳው ዞሩ።

ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ አልጠበቀችም። ደብተሯን ሰብስባ ወጣችና ቀጥ ብላ ከገበያው ማዶ ሄደች። ገና በር ላይ ሳትደርስ ድምፅዋን ለየቻት። ማሽኗ እንደ ድሮዋ ታንጎራጉራለች፤ ከፊቷ የዩኒፎርም ጨርቅ ተቆልሏል። ልጅቷ እዚያው ደጃፍ ላይ እንባዋ መጣ።

ልብስ ሰፊዋ ሴትዮ ሰምታት ስታበቃ ከንፈሯን መጠጠች። «አይ የኔ ልጅ፣ እሷንስ አልመልስም» አለች። «አባትሽ እንደ ሕፃን ነው የያዛት። የመዘውሯ ቺንጋ አዲስ፣ ውስጧ ንጹሕ። አልቋል ሲለኝ ሰውየው ምን ነካው ብዬ ነበር። ገና ሃያ ዓመት ታሠራኛለች!» ልጅቷ ለመነች፣ የሴትየዋን ጉልበት ያዘች። ሴትየዋም ልጆች አሏት፣ ሥራም ተቀብላለች፤ ምን ታድርግ።

ልጅቷ ከዚያ ትልቁ ስፌት ቤት ሄደች። የምሳ ሰዓት ነበር፤ ሌሎቹ ወጥተው አባቷ ብቻውን ጥግ ላይ ሸሚዝ ጭኑ ላይ አድርጎ ቁልፍ ይተክላል። ከወንበሩ ሥር ቁጭ አለችና ሁሉንም ነገረችው። አሥር ዓመቱን፣ ዜሮውን፣ «ባለቤቱ እንደገለጹት» የሚለውን ሳይቀር።

አባቷ መርፌውን ሸሚዙ ላይ ሰክቶ ተወው። ይቆጣል ብላ ጠበቀች፤ ቢቆጣ በወደደች። «ጆሮዬን ነው የተጠራጠርኩት» አለ። «ድምፅዋን ስሰማ ጤነኛ ነበረች። ሌት ተቀን አዳመጥኳት። እኔ ነኝ የማላውቀው፣ ልጄ ተምራለች አልኩ።»

«አባዬ፣ ይቅር በለኝ።»

«ይቅር ብዬሻለሁ። እንዴት አልልሽም፣ ልጄ አይደለሽ!» አለና ራሷን ዳሰሳት። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ማወቅ ብቻ እንደፈለገ ሰው ጠየቃት።

«ግን ምን ነበረበት ብትጠይቂኝ? እዚያው አጠገብሽ ነበርኩ እኮ። ማሽኗንም አቁሜልሽ ነበር።»