ከሳንቃው ሥር የነበረው ጉበን

መጋዝ ይሏት ነበር። እናት አባቷ የሰጧት ስም አይደለም፤ ሙያዋና ምላሷ ተዳምረው ያወጡላት ነው። በታችኛው መንደር ያለችው ሴት አናጢ እሷ ብቻ ናት። ሙያውን ከአባቷ ተምራ፣ እሱ ሲሞት መሮና መዶሻውን አንስታ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በር ስትገጥምና ጣሪያ ስታዋቅር ኖራለች። የተዝረከረከ ሥራ ካየች ደግሞ ሠሪውን በሰው ፊት ሳታሸማቅቅ አትመለስም። የቤተክርስቲያኑ የሰሜን ግድግዳ ሆዱን መንፋት ሲጀምር፣ ኮሚቴው እየፈራም ቢሆን ወደ እሷ ላከ።

ቤተክርስቲያኑ ከላይ እስከ ታች እንጨት ነው። ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል ይባላል። የሰው እቅፍ የሚሞላ ግንድ በግንድ ላይ ተጋድሞ፣ ማዕዘኑ ላይ ጫፍና ጫፉ ተቦርቡሮ አንዱ ባንዱ ውስጥ ተቆልፏል። በግድግዳው ላይ አንድ ምስማር አልነበረበትም። መቅደሱ ስምንት ማዕዘን ነው። ጣሪያው በመጥረቢያ በተሰነጠቁ ስስ እንጨቶች እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ ተከድኗል፤ ዝናብ ሲመታቸው አብጠው ይገጥማሉ፣ ፀሐይ ሲወጣ ሳስተው አየር ያስገባሉ። ይህን ሁሉ የሠራ ሰው እንጨት የሚያውቅ ሰው ነበር። ግድግዳውን ግን የመንደሩ ሰው ካየው አርባ ዓመት ሆኖታል። ዙሪያውን ሳንቃ ተመትቶበት፣ በሳንቃው ላይ ዘይት ቀለም ተቀብቶበታል።

«ይሄን ሳንቃ የመታ እጁ ይሰበር!» አለች መጋዝ በመጀመሪያው ቀን። ሁለት ሳንቃ ነቅላ የታችኛውን ግንድ በመሮ ስትወጋው፣ መሮው እንደ እርጥብ ሳሙና እስከ እጀታው ገባ። «እንጨት ይተነፍሳል እኮ አባ! አፍነው ገደሉት!»

ካህኑ ወደ መንደሩ ከመጡ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ጸብ የማይወዱ፣ ዝግ ያሉ ሰው ናቸው። «ለማሳመር ብለው ይሆናላ፣ ልጄ» አሉ።

«ሬሳም ይገነዛል፤ አማረበት እንላለን?»

በሦስተኛው ቀን ሳንቃ እየነቀለች ወደ ዋናው በር ዞረች። ነገሩ ዓይኗ የገባው እዚያ ነው። በየግንዱ ጫፍ ላይ በመጥረቢያ የተቆረጠ ምልክት አለ፤ የታችኛው ላይ አንድ ጭረት፣ ከሱ በላይ ባለው ሁለት፣ ቀጥሎ ሦስት፣ እንዲህ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ትርጉሙን ለመረዳት አናጢ መሆን አያስፈልግም፤ ቁም ሳጥን ፈታትቶ ወደ ሌላ ቤት ያጓጓዘ ሁሉ ያውቀዋል። የቱ በየቱ ላይ እንደነበር እንዳይጠፋ ምልክት ይደረግበታል። ጭረቶቹ ደግሞ የተቆረጡት እንጨቱ ካረጀና ከጠቆረ በኋላ ነው። ቤቱ አንድ ጊዜ ሌላ ቦታ ቆሞ ነበር ማለት ነው። ፈርሶ ነው እዚህ የመጣው።

መሰላሏን አዛውራ ወጣችና ከበሩ በላይ ያለውን የመጨረሻ ሳንቃ ፈነቀለችው። ጉበኑ ወጣ፤ በሩን ከላይ የተሸከመው ወፍራም እንጨት ነው። በእጅጌዋ አቧራውን ስትጠርገው ፊደል ብቅ አለ። በመሮ፣ ጠልቆ፣ ሳይቸኮል የተቀረጸ ነው።

«ይህን ቤት እኛ የላይኛው መንደር ሰዎች ከደናችን ቆርጠን በእጃችን አቆምነው።»

መጋዝ መሰላሉ ላይ እንዳለች ክው አለች።

እናቷ የላይኛው መንደር ልጅ ነበረች። እዚህ ተድራ ስትመጣ አንድ ወሬ ይዛ መጣች፦ ወረርሽኝ ገብቶ ሰዉ ወደ ጫካ በሸሸበት ዓመት፣ የታችኞቹ ወጥተው ቤተክርስቲያኑን አፈረሱት፣ ግንድ ግንዱን በበሬ እየጎተቱ አወረዱት። የላይኞቹ ሲመለሱ የጠበቃቸው የመሠረቱ ድንጋይ ብቻ ነው። የታችኛው መንደር ይህን ሲሰማ በሳቅ ፈረሰ። ወፍጮ ቤት ስትገባ «ባለ ቤተክርስቲያኗ መጣች፣ ቦታ ልቀቁላት» ይሏት ነበር።

መጋዝ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ትምህርት ቤት ድርሰት ጻፉ ሲባሉ ያንን የእናቷን ታሪክ ጻፈች። አስተማሪው የአባቷ ታላቅ ወንድም ነበር። ስለ ቤተክርስቲያኑ አርባ ገጽ መጽሐፍ የጻፈው፣ በመጽሐፉም ቅድመ አያቱ ቤቱን ከመሠረቱ እንዳነጹት ያስነበበው እሱ ነው። ክፍሉ ፊት አቆማት። እያንዳንዱን መስመር ጮክ ብላ እንድታነብ፣ ካነበበች በኋላ እንድትሰርዝ አደረጋት። ልጆቹ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እሷ ቤት ገብታ እናቷን፣ «መሳቂያ አደረግሽኝ! ሁለተኛ ይሄን ውሸትሽን እንዳታወሪ!» አለቻት።

እናቷም አላወራችም። እስክትሞት፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት፣ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

ከመሰላሉ ወርዳ በቀጥታ ወደ አጎቷ ቤት ሄደች። ሽማግሌው በመስኮቱ አጠገብ፣ በመጻሕፍት ተከቦ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ የቤተክርስቲያኑ በር ላይ ጽሑፍ አገኘሁ።»

ምን ጽሑፍ ብሎ አልጠየቀም። መነጽሩን አወለቀና በጋቢው ጫፍ ሲወለውል ቆየ። «ሳንቃውን መልሰሽ ምቺው» አለ።

«ያውቁ ነበር?»

«ጽሑፉ ላይ ድሮ ኖራ ተለስኖበት ነበር። ኖራው ሲረግፍ አየሁት። መጽሐፉ ከታተመ በኋላ ነው ያየሁት፣ ልጄ። ምን ላድርግ? ሰው የሚኮራበትን ነገር በአንድ እንጨት ምክንያት ላፍርስ? ለኮሚቴው ግድግዳው እንዲያምር ነው ብዬ ሳንቃ አስመታሁበት።»

«መቼ?»

መነጽሩን መልሶ አደረገ። ራሷ አስታወሰችው። ሳንቃው የተመታው በክረምቱ ነው፤ ድርሰቱ የተጻፈው ያው ክረምት አልፎ ትምህርት ሲከፈት።

«ያኔ ሳንቃውን መትተህ ጨርሰህ ነበር» አለች ቀስ ብላ። በዕድሜዋ አንተ ብላው አታውቅም። «እያወቅህ ነው ያሰረዝከኝ። እናቴ እውነቷን እንደሆነ በዓይንህ አይተህ፣ መጥተህ ቤታችን እየበላህ፣ በየቀኑ ሲስቁባት እያየህ ዝም አልክ!»

«አፍሽን ሰብሰብ አድርጊ! ያባትሽ ታላቅ ነኝ!»

«ዓይንህን በጨው አጥበህ ደግሞ ክብር ትጠይቀኛለህ? እሑድ መጥተህ በሰው ፊት ታነበዋለህ። ጮክ ብለህ። እኔ እንዳነበብኩት።»

በሩን የዘጋችበት ድምፅ መንገድ ላይ ያሉ ዶሮዎችን በተነ። ቤተክርስቲያኑ ጋ ተመልሳ የነቀለችውን ሳንቃ አንድ ባንድ እያነሳች ክንድ በማይሞላ ቁመት ቆራረጠችው። እየቆረጠች ትሳደባለች፤ አጎቷን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የነበረችውን ራሷን። ኮሚቴው ሮጦ ሲደርስ መልሶ የሚመታ አንድ ሳንቃ አልቀረም።

«ከሥራው ተሰናብተሻል!» አሏት።

«ግድግዳውን ማን ይይዝላችሁ? እናንተ ትደገፉታላችሁ?»

ካህኑ መሃል ገቡ። ጸብ የማይወዱት ሰው ጉበኑን ቀና ብለው አንብበው ነበርና፣ «እኔ በዚህ በር ሥር ውሸት ይዤ አልገባም። ትቀጥል» አሉ።

እሑድ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ሰዉ በሩ ፊት ተሰበሰበ። የላይኛው መንደር ሰዎችም ወሬው ደርሷቸው ወርደዋል፤ ከነሱ መሃል የእናቷ ታናሽ እህት አለች። አጎቷ በምርኩዙ እየተደገፈ መጣ። መጋዝ እንደሚቀር ነበር የጠረጠረችው። ቆመና በአስተማሪ ድምፁ አነበበው። «አውቅ ነበር» አለ። «አርባ ዓመት አውቅ ነበር።» ማንም አልሳቀም። አንድ ሰው ከኋላ፣ «ቤተሰብሽን አዋረድሽ!» ብሎ መጋዝ ላይ ጮኸ፤ ሌሎቹ መሬት መሬት ያዩ ነበር።

እሷ አንጀቴ ይርሳል ብላ ጠብቃ ነበር። አልራሰም። ይልቁንም አክስቷ መጥታ ፊት ለፊቷ ቆመች።

«ደስ አለሽ?»

«እትዬ፣ እናቴ እውነቷን እንደነበር…»

«እኔ መች አጣሁት! እኛ ሁላችንም እናውቃለን፤ ለማን ነው የምታስነብቢው? እንጨት ሲነግርሽ አመንሽ። የወለደችሽ አፍ አልበቃሽም ነበር?»

መጋዝ ቀና ብላ ጉበኑን አየች፣ ከዚያ ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች።

አክስቷ ልትሄድ ስትዞር፣ ግድግዳው ሥር ያለውን የበሰበሰ ግንድ አየች። ጎንበስ ብላ በጣቷ ቆነጠረችው፤ እንደ አፈር ረገፈ።

«ይሄንን በምን ትተኪው?»

«የእንጨት ዓይነቱ እዚህ አይገኝም። ያለው እናንተ ደን ውስጥ ነው» አለች መጋዝ። «ልጠይቅ ነበር። አፈርኩ።»

«ጠይቂያ! ሳትጠይቁ መውሰድ እንጂ መጠየቅ አልለመዳችሁም» አለች አክስቷ፣ ፊቷ ሳይፈታ። «ማክሰኞ ነይ። መጥረቢያሽን ይዘሽ ነይ፤ የኛ ደንዟል።»

ማክሰኞ ሄደች። ከላይኞቹ ጋር ዛፉን መረጠች፣ ቆረጠች፣ ላጠች። ብዙ ሰው አላነጋገራትም፤ እሷም ብዙ አላወራችም። ግንዱ በጭነት መኪና ወርዶ፣ ሁለቱም መንደር ተረባርቦ ግድግዳውን በክብደት ማንሻ ቀና አድርጎ፣ አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ገባ። ኮሚቴው ጉበኑ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ተስማማ፤ በበሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ይሸጥ የነበረው የአጎቷ መጽሐፍም ተነሳ።

አጎቷ ሁለት ጊዜ ሰው ላከባት፣ ቤት እንድትመጣለት። አልሄደችም። መንገድ ላይ ሲገናኙ ራሷን ዝቅ አድርጋ ታልፋለች፤ ለሽበቱ ነው፣ ለሱ አይደለም። ካህኑ አንድ ቀን፣ «ይቅር በይው፣ ልጄ» አሏት።

«አባ፣ እሱን ልተወው እችል ይሆናል» አለች፣ ከአዲሱ ግንድ ላይ የተረፈ ቅርፊት እየፋቀች። «ገና ከራሴ ጋር አልጨረስኩም።»