አፊያ ይስጥዎት

ሩዳይና ከሶርያዋ ሆምስ ተሰዳ ሞሮኮ፣ ሳፊ ከተማ ከገባች ገና አምስት ወሯ ነበር። በሸክላ ሠሪዎቹ ሰፈር፣ ላላ ጣሞ፣ እመቤት ጣሞ እንደማለት ነው፣ ከሚባሉ መበለት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ ልብስ እየሰፋች ትተዳደራለች። የላላ ጣሞ አንድ ልጅ ድሪስ የሸክላ ምድጃ አንዳጅ ነበር። አንድ ማክሰኞ ጠዋት የምድጃው ግድግዳ ተናደና እሳቱ ላዩ ላይ ወረደ። ቀኑን አልጨረሰም።

በሦስተኛው ቀን፣ ለቀስተኛው ግቢውን ሞልቶት ሳለ፣ እናቱ ጥግ ይዘው ለነዳያን የሚሰጠውን ልብሱን ያጥቡ ነበር። ሩዳይና ጠጋ አለቻቸው። ጎንበስ ብላ፣ አገሯ ሲሠራ ለደከመ ሰው ሁሉ እንደሚባለው፣ "አላህ አፊያውን ይስጥዎት" አለቻቸው። ጤናውን ማለቷ ነው።

የላላ ጣሞ እጅ ውሃው ውስጥ እንዳለ ቀረ። ከሴቶቹ አንዷ ሩዳይናን ክንዷን ይዛ ክፍሏ ድረስ ወሰደቻትና በሩን ዘጋችባት። ምን እንዳጠፋች የነገራት የለም። ከዚያ ወዲያ ልብስ የሚያሰፋ ቀርቶ ሰላምታዋን የሚመልስ ጠፋ።

በሳምንቱ የድሪስ አጎት ባ አላል ለስፌት የሰጧትን ጀላቢያ ሳያልቅ ሊወስዱ መጡ። ፊቷን አይተው አዘኑላት መሰለኝ፣ ቁጭ ብለው አስረዷት። "እዚህ አገር አፊያ እሳት ነው" አሏት። የጥንት ሰዎች የእሳትን ስም መጥራት ፈሩ፤ የገሃነምም ስም ነውና። እሳቱ እንዳይሰማቸው ብለው "ጤና" እያሉ ያቆላምጡት ጀመር፤ እየዋለ እያደረ መጠሪያው ሆኖ ቀረ። ሰውን አፊያ ይስጥህ ማለት እሳት ይብላህ ብሎ መርገም ነው።

ሩዳይና በባዶ እግሯ ሮጣ ላላ ጣሞ እግር ላይ ወደቀች።

"አለማወቅሽ ገብቶኛል" አሏት። "ግን ልጄ፣ ሲያወጡት የሚጮኸው እሱኑ ነበር። አፊያ፣ አፊያ እያለ ነው የሞተው። ካፍሽ ሲወጣ የሰማሁት የሱን ድምፅ ነው።"

ቆይተው ደግሞ ጠየቋት። "እናንተ እሳትን ምን ትሉታላችሁ?"

"ናር ነው የምንለው፣ ላላ።"

"በገሃነሙ ስም? አትፈሩም?"

"እንፈራለን። ቤቴን ግን ባሌ ውስጡ እያለ በላው።"

ላላ ጣሞ ምንጣፉ ላይ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁላት።

ሰፈሩ ግን አልረሳላትም፤ ስፌቱም አልተመለሰላትም። ክረምቱ ሳይወጣ ጓዟን ሸክፋ ወደ ካዛብላንካ ልትሄድ ስትነሣ፣ ላላ ጣሞ አውቶቡሱ ድረስ ሸኟት። ሩዳይና ልትሰናበታቸው አፏን ስትከፍት ያው የአገሯ ምርቃት፣ አፊያው፣ ምላሷ ጫፍ ላይ መጣባትና ዋጠችው፤ እጃቸውን ሳመችና ተሳፈረች።