ዘጠኝ ጫማ ጥላ

ሰሊማ የበሬውን አንገት በመርፌ ስትወጋ መምህሯ በግራ ጆሮዋ ባለው ማዳመጫ ስለ ምስል አቀራረጽ ይናገር ነበር። ቀኝ ጆሮዋን ለበሬው ባለቤት ትታዋለች። በሬው ተወራጨ፤ የከብት መያዣው አጣና ተንቀጠቀጠ። ወደ ኋላ ሸሸችና ጉልበቷን ያዘች።

የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ በሬ ይህን ጉልበት ሰብሮታል። ድኗል፤ ግን መንገድ አይችልም። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ደግሞ በየቀበሌው ካልዞረ ሥራ የለውም። በወረዳው ኮሙኒኬሽን ክፍል አንድ ቦታ እንደሚከፈት ስትሰማ ዲጂታል ሚዲያና ኮሙኒኬሽን በኦንላይን ለመማር ተመዘገበች። ሁለት ዓመት ሙሉ በምሳ ሰዓት፣ በባጃጅ ላይ፣ በከብት መሃል ተማረች። አሁን የቀራት የመጨረሻው ሥራ ብቻ ነው፤ የአንድን ሰው ሙያ የሚያሳይ የሦስት ደቂቃ ፊልም። የኮርሱን ግማሽ ውጤት ይይዛል። ዛሬ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ካልተላከ፣ ወይም ውጤቱ ካነሰ፣ ዘንድሮ አትመረቅም፤ ቦታውም ለሌላ ይሰጣል።

"ዶክተር፣ ዛሬም ክፍል ውስጥ ነሽ?" አላት የበሬው ባለቤት አንዋር ማዳመጫውን እያየ። ሽንኩርት አምራች ነው፤ የመስኖ ኮሚቴውም አባል። "ይህ በሬ እኮ ሁለት ዓመት አብሮሽ ተምሯል። ስትመረቂ ለእሱም ቆብ ይገዛለት።"

"መጀመሪያ መራገጡን ይተው።"

አንዋር ሳቀ። ከዚያ ስለ ፊልሙ ጠየቃት። የቀረጸችው አባቷን ኸድርን መሆኑን አገሩ ሁሉ ያውቃል። ኸድር የውሃ አባት ናቸው። ከሮቢ ወንዝ የተጠለፈውን ቦይ ለገበሬው ሁሉ በተራ ያካፍላሉ። ሰዓታቸው ጥላቸው ነው። ፀሐይን ከኋላቸው አድርገው ይቆማሉ፤ ባለተራው የጥላቸው ራስ ላይ ጠጠር ያስቀምጣል፤ ከቆሙበት እስከ ጠጠሩ ተረከዝ ከጣት እያጋጠሙ ጫማ ይቆጥራሉ። እያንዳንዱ ማሳ የተወሰነ የጫማ ቁጥር አለው። ጥላው ረዝሞ ቁጥሩ ሲሞላ ውሃው ወደሚቀጥለው ይዞራል።

አንዋር ዓርብ ከጁምዓ በኋላ በሚደረገው ስብሰባ ጥላው ቀርቶ በስልክ ሰዓት እንዲሆን ሊጠይቅ ነው። አልደበቃትም። ጋሽ ኸድርን ጠልቶ እንዳልሆነ፣ የሰባ አራት ዓመት ሰው ሐሩር ላይ ማቆም ደግ እንዳልመሰለው ነገራት።

"ፊልሙን ግን በቴሌግራም ልቀቂልን" አለ። "ልጆቻችን ይዩት። እንደ እሳቸው ያለ ሚዛን ሁለተኛ አይገኝም።"

መሣሪያዋን ስትሰበስብ ከመምህሯ ከሮቤል የድምፅ መልእክት ገባ። ትናንት የላከችለትን ረቂቅ አይቶታል። ጥላ የሚለኩ ሽማግሌ ብቻ ከሆነ ተራ ፊልም ነው አላት። "አንደኛው ደቂቃ ላይና ሁለተኛው ደቂቃ ላይ እግራቸውን አስተያዪው። አንድ ዓይነት አይደለም። ታሪክሽ ያለው እዚያ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አሳዪን። ከሠራሽው የዘንድሮው አንደኛ ያንቺ ነው፤ በገጻችንም እናወጣዋለን።"

ሰሊማ ማንጎ ሥር ተቀመጠችና ፊልሙን አዘግይታ አየችው። የመጀመሪያው የአንዋር ማሳ ላይ ነው። የአባቷ ተረከዝ ከጣታቸው ጋር ገጥሟል፤ ክር አያሳልፍም። ሁለተኛው የእትዬ ፋናዬ ማሳ ላይ ነው። በተረከዙና በጣቱ መካከል ሁለት ጣት የሚያህል አፈር ይታያል። በእያንዳንዱ እርምጃ። ደግማ አየችው። ደግማ አየችው።

እግር ከተራራቀ ቁጥሩ ያንሳል። የፋናዬ ማሳ ቁጥር ዘጠኝ ነው፤ ዘጠኝ እስኪሞላ ጥላው የግድ የበለጠ መርዘም አለበት። ያ ለፋናዬ ሩብ ሰዓት ያህል ተጨማሪ ውሃ ነው። አባቷ ሲሾሙ ሰሊማ ሰባት ዓመቷ ነበር። ዱዓ ተደርጎ፣ ለዘመድም ለባዕድም አላዳላም ሲሉ በጆሮዋ ሰምታለች።

ባጃጅ ይዛ ወጣች። ቦዩ ጋ ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ኸድር ከማሳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዱላቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ተራው የፋናዬ ነበር። ፋናዬ ከጣርማ በር በላይ ካለው ደጋ አገር ከባሏ ጋር የወረደች ናት። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ማሳዋ ቦዩ የሚያልቅበት ጫፍ ላይ ነው። ርቃ ውሃውን በዶማ ትመራለች።

"ከብቱን ጨረስሽ?" አሏት አባቷ ሰላምታውን ከመለሱ በኋላ።

"ጨረስኩ። አባ፣ እግርዎን አየሁት።"

"እግሬ ምን ሆነ?"

"እትዬ ፋናዬ ማሳ ላይ ሲለኩ ክፍተት ይተዋሉ።"

ኸድር ዱላቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው መሬት ላይ አቆሙት።

"ማን አየ?"

"መምህሬ። ከዚያ እኔ።"

"ዓይን ያለው ሰው ነው።"

"ቃል ገብተው የለም ወይ? የሰው ውሃ እኮ ነው፣ አባ።"

"የማን ውሃ?" አሉ። በዱላቸው ከፋናዬ ማሳ ጎን ያለውን የቦይ መክፈቻ አመለከቷት። "ከእሷ ቀጥሎ ተራው የማን ነው?"

ሰሊማ አየች። ከመክፈቻው ወዲያ ያለው የእነሱ ሽንኩርት ነበር። ቅጠሉ ከሌላው ማሳ ገርጥቷል፤ የዳሩ መደብ ሳይጠጣ ተሰነጣጥቋል። እናቷ በየዓመቱ የእኛ ሽንኩርት ለምን እንደ ሌላው ማሳ አይወፍርም እያሉ ዘሩን ይወቅሱ ነበር።

ኸድር ነገሩን በአጭሩ ነገሯት። ውሃው ጫፍ እስኪደርስ ይደክማል፤ ግማሹን መሬት ይጠጣዋል። ባሏ በሞተ ዓመት ከራሳቸው ተራ ቀንሰው በግልጽ ሊሰጧት ሞክረው ነበር። ፋናዬ "የሞተው ባሌ ነው፣ እጄ አልሞተም" አለቻቸው። ምጽዋት አልቀበልም ብላ መክፈቻውን በገዛ እጇ ደፈነችው። ከዚያ በኋላ ኸድር ከአንዋር ጋር ተራ ተለዋወጡ። ከፋናዬ ቀጥሎ የሚያጠጡት እሳቸው ሆኑ፤ ለእሷ የሚጨመረው ከእሳቸው ተራ ብቻ ይቀነሳል። የቀረውን እግራቸው ጨረሰው።

"ለኮሚቴው ብቻ ቢነግሩስ?"

"ለኮሚቴው ከነገርኩ እሷም ትሰማለች።"

"ፊልሙ ከወጣ ይጠይቁዎታል።"

"ይጠይቁኛል።"

"ምን ሊሉ ነው?"

"አዳልቻለሁ እላለሁ። ሽረውኝ ይገላገሉ።" ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ። "አንቺ ያየሽውን ላኪ። በዚህ ጉልበት ከከብት ጋር ስትታገዪ ማርጀት የለብሽም። ትምህርትሽን ስለ እኔ እንዳታበላሺ።"

ሰሊማ ከአባቷ ጎን መሬት ላይ ተቀመጠችና ስልኳን አወጣች። ሁለቱን እግሮች ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። መምህሩ እውነቱን ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ ጋር ሲታይ ባዶ ነበር። ለረጅም ጊዜ ተመለከተቻቸው። ቀና ስትል ፋናዬ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ ውሃ በደረሰበት መደብ ላይ ጎንበስ ብላ የሽንኩርቱን ሥር በጣቷ አፈር ታለብሳለች።

ሁለቱንም እግሮች አጠፋቻቸው። በቦታቸው ጠጠሩን፣ የጥላውን ራስና የአባቷን ፊት አስገባች። ፊልሙ ከቀድሞውም የባሰ ተራ ሆነ። ላከችው። ከሥሩ ለመምህሯ ጻፈች፤ "ስለ እግሩ ያሉትን አይቻለሁ። ልክ ነዎት። ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ የሚጎዳ ሰው ስላለ ግን አላወጣውም። ውጤቴን በቀረው ይስጡኝ።" መድረሱን የሚያሳይ ምልክት መጣ። ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

"ላክሽ?" አሉ ኸድር።

"ላክሁ። የእርስዎ ፊት ነው የበዛበት።"

"ፊቴን ማን ሊያየው።" አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። "ዓርብ ስልክ ከሾሙ ግን ችግር ነው" አሉ። "ስልክ እግር የለው። ሌላ መላ እፈልጋለሁ።"

ፋናዬ እጇን እየታጠበች መጣች። ሰሊማን ስማ ስለ ጉልበቷ ጠየቀቻት። ከዚያ ወደ ኸድር ዞረች።

"ጋሽ ኸድር፣ ይለኩ እንጂ። ተራዬ ያለቀ ይመስለኛል። የሰው ውሃ መጠጣት አልፈልግም።"

ኸድር ሊነሡ ዱላቸውን ጨበጡ። ሰሊማ ትከሻቸውን ያዘች።

"ዛሬ እኔ ልለካ" አለች።

"ትችያለሽ እንዴ?" አለች ፋናዬ።

"የውሃ አባት ልጅ እኮ ነኝ።"

ጫማዋን አወለቀች። ፀሐይን ከኋላዋ አድርጋ ቆመች። ፋናዬ የጥላዋ ራስ ላይ ጠጠር አስቀምጣ፣ ለመዝጋት ተዘጋጅታ ወደ መክፈቻው ሄደች። ሰሊማ የመጀመሪያውን እግር አስቀመጠች። አፈሩ ያቃጥላል። ሁለተኛውን አነሣችና ከጣቷ ፊት ሁለት ጣት ያህል አልፋ አሳረፈችው።

ኸድር እግሯን አላዩም። የደረቀውን የራሳቸውን ሽንኩርት ያዩ ነበር።

ጠጠሩ ጋ ስትደርስ ቆመች።

"ስምንት ነው፣ እትዬ ፋናዬ" አለች። "ገና ነው፤ አይዝጉት።"