እንኳን ተዋወቃችሁ

የምሰፋው ሽንት ለሚያመልጣቸው ሴቶች የሚሆን የውስጥ ሱሪ ነው። የሚስቅ ካለ አሁኑኑ ይሳቅና ይውጣለት። ዕድሜ ሲገፋ ወይም ወሊድ ሲከፋ ይመጣል፤ ሳቁም ያኔ ይበርዳል። በመሃሉ ውሃ የማያሳልፍ ስስ ጨርቅ አለበት፤ ላዩን ግን ተራ ሱሪ ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ ሱቅ ገብታ የምትጠይቅ ሴት ስለሌለች የምሸጠው በስልክ ነው። እኔም ደንበኞቼም የምንተዋወቀው በቅጽል ስም ብቻ ነበር። ዕቃውን መልእክተኛ መድኃኒት ቤት ያስቀምጥላቸዋል፤ እነሱ ቁጥር ተናግረው ይረከባሉ። ገመና የሚሸፈነው እንዲህ ነው።

ትዕዛዙንም ገንዘቡንም የሚያስተላልፍልን አንድ ድርጅት ነው። ቆርጦ ነው የሚያስተላልፈው። ዕቃው ቢመለስ እንኳ የቆረጠውን አይመልስም። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባል የለ፤ እኔ ደጃፍማ ዛፍ አልቀረም።

ከደንበኞቼ ሁሉ የምወዳት «ልባም» የምትባለዋን ነበር። «ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ፤ በልጅ ልጄ ሠርግ ላይ ሰው መሃል ተቀመጥኩ» ብላ የጻፈችልኝ ቀን አልቅሻለሁ። እናት የለኝም። ሳላስበው እማማ፣ አንቺ እያልኩ እጽፍላት ጀመር።

አከራዬን ያማሁትም ለእሷ ነው። እትዬ ግቢው ውስጥ ከእኔ ክፍል ፊት ለፊት ይኖራሉ፤ ቀና ብለው የሚሄዱ፣ ሰላምታቸው እንኳ ተለክቶ የሚሰጥ ሴት ናቸው። «የስፌት መኪናዬ ጮኸ ብለው አላስቀምጥ አላስቆም አሉኝ» ብዬ ጻፍኩላት። ልባም ትንሽ ቆየችና፣ «ከመኪናው እግር ሥር ወፍራም ጨርቅ አንጥፊ፤ ሴትዮዋም ትለምደዋለች» አለችኝ። አነጠፍኩ። እውነትም ከዚያ ወዲህ እትዬ ስለ ጩኸት ትንፍሽ አላሉም። ጨርቁ ሠራ ብዬ ለልባም አንድ ሱሪ መረቅኩላት።

ከዚያ የድርጅቱ ማስታወቂያ መጣ፦ «ለመተማመን ሲባል፣ በሙሉ ስም ለሚገበያዩ የአገልግሎት ክፍያ ቀንሰናል።» የሚታየው የእኔ ስም ብቻ መሰለኝ። የእኔን ስም ደግሞ ማን ይፈልገዋል? ከሥሩ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ነገር ነበር። አንድ እጄ ጨርቅ ይዟል፤ በሌላው አውራ ጣት፣ ሳላነበው፣ እስማማለሁ የሚለውን ተጫንኩት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው እኔ ነኝ።

በማግስቱ ልባም እንደ ልማዷ ስድስት ሱሪ አዘዘች። ትዕዛዙ ላይ ግን ልባም አይልም። በቤት ኪራይ ውሌ ላይ ያለው ስም ነው፤ የእትዬ ስም፣ ከነአባት ከነአያቱ። ከሥሩ አበባ የተሳለበት መልእክት አለ፦ «ገዢና ሻጭ፣ እንኳን ተዋወቃችሁ!» ያው መልእክት ለገዢዋም ይላካል።

በመስኮት አየሁ። እትዬ በረንዳው ላይ ቆመው፣ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ስልካቸውን ያያሉ። ቀና አሉና ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ወደ ውስጥ ገቡ።

ተከትያቸው ሄድኩ። አንቺ ልበል እርስዎ ጠፋኝ።

«እማማ... እትዬ፣ እኔ እኮ አላወቅኩም ነበር።»

«እኔማ ካወቅኩሽ ቆየሁ» አሉ፣ በሩን ገርበብ አድርገው። «ስለ ጩኸቱ የጻፍሽልኝ ዕለት።»

«ታዲያ ምን ተለወጠ? ለማንም አልናገርም።»

«አውቃለሁ፤ ክፋት የለብሽም። ግን ልጄ፣ ከእንግዲህ ባየሽኝ ቁጥር ታስቢዋለሽ። እኔም እንደምታስቢው አስባለሁ።» ድምፃቸው ሰለል አለ፤ ወዲያው አጠነከሩት። «ወሩ ሲያልቅ ቤቱን እፈልገዋለሁ።»

«ድርጅቱ ነው እኮ እትዬ ያጋለጠን!»

«ድርጅቱ ደጄ ላይ አይኖርም።»

ተቃጠልኩ። ለድርጅቱ ጻፍኩ። «የገዢም የሻጭም ስም እንደሚታይ የሚገልጸውን ስምምነት የተቀበሉት እርስዎ ነዎት» የሚል መልስ መጣልኝ። እትዬ የስድስቱን ሱሪ ትዕዛዝ ሰርዘው ገንዘባቸው ሲመለስ የአገልግሎት ክፍያው ከእኔ ተቆረጠ። በቅናሽ።

ወሩ አለቀ። ዕቃዬ ሲጫን ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ወጥቶ ያያል። ስድስቱን ሱሪ ግን ሰፍቼያቸው ነበር፤ በእሳቸው ልክ። በወረቀት ጠቅልዬ ባዶው ክፍል መስኮት ላይ ተውኩላቸው። ዋጋ የለበትም፣ የሚቆርጥበትም የለም።

እትዬ ክፍሉን ሊያዩ ገቡ። ጥቅሉን ይዘው ወጡ። በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት፤ ምን እንደሆነ አውቀዋል። ደጅ የቆመውን ጎረቤት ቃኙ። ከዚያ ወደ እኔ ዘረጉት።

«ይሄን ረስተሻል» አሉ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ።

የእርስዎ ነው አይባል ነገር።

«አዎ፣ የእኔ ነው» አልኩና ተቀበልኳቸው።