በይቅርታ የቀናች ሚስት

ሴት በሴት ስትቀና አይታችኋል። ሙሉእመቤት ግን የቀናችው ባሏን ባሳሰረው ሰው ነው። አትሳቁ ልጆቼ፣ ቅናት መንገዱ ብዙ ነው።

ጅማ አጠገብ ሰቃ ላይ ከሙሉእመቤት ጋር አጥራችን አንድ ነበር። ባሏ ተክለጻድቅ ከገበሬ ቡና እየገዛ ጅማ የሚያስረክብ፣ ሲስቅ እኛ ቤት ድረስ የሚሰማ ሰው ነበር። በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ሣህሉ የሚባል የቀበሌው አብዮት ጥበቃ፣ ከማዕዱ የማይጠፋ ወዳጁ፣ «ቡና ደብቋል፣ አሻጥረኛ ነው» ብሎ ጠቆመበት። ያዙት። ሕዝቡን አዳራሽ ሰብስበው፣ እሱን እጁን አስረው ፊት አቆሙና ሚስቱን «አውግዢ!» አሏት። ያን ጊዜ አላወግዝም ያለ ቤቱ ይታሸጋል፤ እሷ ደግሞ ጨቅላ ልጆች አሏት። ግራ እጇን አነሳች። «ባሌ አይደለም፤ አላውቀውም» አለች። እሱም እያየ፣ እየሰማ።

ሲፈቱት ከስቶ፣ ሸብቶ መጣ። ሙሉእመቤት እግሩን አጠበችው። «እግዜር ይስጥልኝ» አላት፤ መንገደኛ ለአሳዳሪው እንደሚለው። ከዚያ ወዲያ ክፉ ቃል አልወጣውም፤ ደግ ቃልም አልወጣው። ያቀረበችለትን ይበላል፣ ያመሰግናል፣ መደቡ ላይ ብቻውን ይተኛል። እሷም ትጠብቃለች። ከእስር የመጣ ሰው ልቡ እስኪመለስ አይነኩትም ብላ፣ ጠበቀች፣ ጠበቀች።

ሣህሉን ደግሞ ከቀበሌው አባረሩትና ጸጸት ያዘው። ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ የንስሐ አባታቸውን አስቀድሞ፣ እንደ ወጋችን ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ደጃቸው ላይ ተደፋ።

«በድዬሃለሁ ወንድሜ፣ ስለ እመብርሃን!»

ተክለጻድቅ ድንጋዩን ከጫንቃው አንስቶ ወረወረው። አቅፎ ሳመው። እነሱም አለቀሱ፣ እኛም አለቀስን። ሙሉእመቤት ብቻ አላለቀሰችም። የባሏ እጅ የሣህሉ ጀርባ ላይ እንዴት እንዳረፈ ነበር የምታየው።

ከዚያማ ሣህሉ የቤት ሰው ሆነ። ሁለቱ ጓሮ የተሰጣውን ጀንፈል ቡና እያገላበጡ ሲጫወቱ ይውላሉ። ያ የጠፋው ሳቅ ተመለሰ።

«ሰማሽው?» አለችኝ በአጥሩ ቀዳዳ። «ለሱ ይስቃል።»

«ጠላቱን ይቅር ሲል ደስ አይልሽም እንዴ?»

«ደስማ ይለኛል። ዓይኑን ባወጣው ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል!»

ሹሩባ ተሠራች፤ አላያትም። የሙሽርነት ቀሚሷን ለበሰች፤ «ለሣህሉ ሽሮ ጨምሪለት» አላት። ጨመረችለት፤ ሚጥሚጣውን ግን በማንኪያ ሳይሆን በእፍኝ! ሣህሉ እንባው እየወረደ «እትዬ ሙሉ፣ እጅሽ ይባረክ» እያለ ጠርጎ በላው፤ ንስሐው መስሎት ይሆናል። ተክለጻድቅ ቀምሶ ነገሩ ገባው። ሙሉን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ፣ ከራሱ በኩል ጠቅልሎ ሣህሉን አጎረሰው። ያን ቀን እኔ ዘንድ መጥታ «እኔን ያጎረሰኝ መቼ ነው?» ብላ ተንሰቀሰቀች።

ተክለጻድቅና ሙሉ በቁርባን ነበር የተጋቡት። በቁርባን የተጋቡ ደግሞ አንዱ ቂም ይዞ ሌላው አይቀርብም። ለትንሣኤ ሊቆርቡ ታስቦ፣ ጸሎተ ሐሙስ ዕለት የንስሐ አባታቸው መጡ። እኔም ጉልባን ይዤላቸው ገብቼ ነበር።

«ልጄ፣ ቂም የያዝክበት ሰው አለ?»

«የለም አባቴ። ሣህሉንም ይቅር ብዬዋለሁ።»

«አንቺስ ሙሉእመቤት፣ አብረሽው ትቀርቢያለሽ?»

«አልቀርብም።»

«ምነው?»

«አባቴ፣ መጽሐፉ ጠላትህን ይቅር በል ነው የሚለው?»

«አዎ፣ ልጄ።»

«እንግዲያው ጠላቱ ልሁንና ይቅር ይበለኝ! ሚስቱ ሆኜማ አልደረሰኝም።»

ተክለጻድቅ ወደ አባ ዞረ። «አባቴ፣ ምኗን ይቅር ልበላት? ሣህሉ በድያለሁ አለ፣ ተውኩለት። እሷ ልጆቼን ነው ያዳነችው። እኔም በቦታዋ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። ጥፋት የሌለበትን ሰው ምን ብለው ይምሩታል? ግን ያ 'አላውቀውም' ያለችው ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም።»

አባም መስቀላቸውን በእጃቸው አገላበጡ። እስከ ሰባ ጊዜ ሰባት ይቅር በል የሚለውን ያውቁታል። ይህን ግን ከየት ያምጡት?

ሙሉእመቤት መሬቱ ላይ ተቀመጠች።

«ጥፋት አለብኝ» አለች።

«ምን ጥፋት አለብሽ?» አላት ባሏ።

«ለልጆቹ ብቻ ብዬ አልነበረም። ከሣህሉ ጋር አትዋል፣ ይህ ሰው ያስበላሃል ብዬ ስንቴ ለመንኩህ? ከኔ ይልቅ እሱን ሰማህ። ያኔም ቢሆን እሱ ነበር የሚበልጥብህ። እዚያ ታስረህ ሳይህ ልቤ 'የታባህ፣ ይበልህ!' አለ። አፌ ብቻ አይደለም የካደህ ተክሌ።»

ተክለጻድቅ ብድግ አለ።

«ይበልህ አልሽ?»

«አልኩ።»

«እጄ በገመድ ታስሮ?»

«አዎ፣ ታስረህ!»

ጮኸ! ከእስር ከመጣ ጮኾ አያውቅም ነበር። «አንቺ ቀናተኛ! አንቺ ልበ ደንዳና!» እያለ ቤቱን አናወጠው። እሷም «ቀናተኛ ነኝ! ማን አደረገኝ?» እያለች ትመልሳለች። ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ዘይቡ እጇ ሊጥ እንደሆነ ሮጣ መጣች።

«ማል ታተን? ምን ሆናችሁ? ያ ረቢ፣ በጾማችሁ ልትጋደሉ ነው?»

«ተያቸው ልጄ» አሏት አባ፤ «ይጩኹ።»

ሲደክመው ተክለጻድቅ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። «ይህስ ጥፋት ነው ሙሉ» አለ። «ይህስ ከባድ ነው። ዛሬ አልችልም።»

«እጠብቅሃለሁ» አለች።

«ለትንሣኤም አልደርስ ይሆናል።»

«እጠብቅሃለሁ አልኩህ እኮ!»

በትንሣኤ ሣህሉ ቆረበ፤ እነሱ ሳይቆርቡ ቀሩ። ሰውም «ጉድ እኮ ነው፣ አሳሳሪው ቆርቦ ታሳሪው ቀረ» ብሎ አማቸው። በማግስቱ ሙሉእመቤት በአጥሩ ቀዳዳ ጠራችኝ። ስለ ሣህሉ ልትነግረኝ ነው ብዬ ጆሮዬን አዘጋጀሁ።

«ትናንት ቀኑን ሙሉ ሲወቅሰኝ ዋለ» አለችኝ። «መደቡን ትቶ አጠገቤ ተቀምጦ፣ የልቡን ሁሉ ሲያወጣ፣ እጄን ይዞ ሲቆጣኝ።»

ፊቷ የሙሽራ ፊት ነበር።